ሰላጣን ያለ አፈር በቤት ውስጥ ማብቀል በድሬዳዋ፦ ለአንዲት ጀማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ “በድሬዳዋ የሳቢያን ነዋሪ ነኝ። በቤታችን 3 በ3 ሜትር የሆነ ባዶ ክፍል አለ። በዚያ ክፍል ሰላጣና በሶብላ ያለ አፈር፣ በውሃ ብቻ አብቅዬ ለካፌዎችና ለምግብ ቤቶች ማቅረብ እፈልጋለሁ፤ ከዚህ በፊት ግን ሞክሬው አላውቅም። አንድ ሰው ውሃ በፓምፕ የሚዞርበት ባለ ቧንቧ መደርደሪያ ሊሸጥልኝ ዋጋ ነግሮኛል። የቧንቧችን ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ መብራትም አልፎ አልፎ ይጠፋል። መደርደሪያውን ልግዛ ወይስ ልተው? በምንስ ልጀምር?”

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ መደርደሪያውን ለጊዜው አይግዙ። ይህን የምለው ዕቃው መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን የታሰበው ለሌላ አየር በመሆኑ ነው። ያለ አፈር ስለማልማት የሚያስተምሩት ቪዲዮዎች በአብዛኛው የሚቀረጹት አየሩ ቀዝቃዛ በሆነበት፣ መብራት በማይቋረጥበትና ለስላሳ ውሃ በሚገኝበት አገር ነው፤ በዚህም ምክንያት ስለ አምፖሉ ዓይነትና ስለ ማዳበሪያው አቀማመም ብዙ ይናገራሉ፣ ስለ ውሃው ሙቀት ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋሉ። በድሬዳዋ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። እዚህ ጀማሪን የሚያከስረው በመጀመሪያ ደረጃ ሥሩ የተነከረበት ውሃ መሞቁ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ያው ውሃ ገና ምንም ሳይጨመርበት ከከርሰ ምድር ይዞት የመጣው ኖራ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምሰጥዎ ምክር ሁሉ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ የተመሠረተ መሆኑን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ሥር ይተነፍሳል። በአፈር ውስጥ ሲሆን አየር የሚያገኘው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ካለው ክፍተት ነው፤ ሙሉ በሙሉ በውሃ ሲዋጥ ግን ውሃው ካሟሟው ኦክስጅን ሌላ ምንም የለውም። በባሕር ወለል ከፍታ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 7.5 ሚሊግራም ይወርዳል፤ ድሬዳዋ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከሁለቱም ቁጥሮች ከአሥር በመቶ በላይ መቀነስ ይኖርብዎታል። በአንጻሩ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ሥሩ የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። አቅርቦቱ እያነሰ ፍላጎቱ እየበዛ ሲሄድ ሥሩ ይዳከማል፤ በዚህ ጊዜ ፒቲየም የሚባለው ሻጋታ መሰል ተሕዋስ አጋጣሚውን ያገኛል። ምልክቱን አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም፤ ነጭ የነበረው ሥር ቡናማ ሆኖ ይለሰልሳል፣ በጣት ሲጎትቱት ቆዳው ይላላጣል፣ መጥፎ ሽታም ያመጣል፤ ቅጠሉ ደግሞ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል። ለሰላጣ ሥር የሚስማማው የውሃ ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ነው፤ 25ን ካለፈ ከላይ የተናገርኩት አደጋ እየቀረበ ይመጣል።

አሁን ወደ ባለ ቧንቧው መደርደሪያ እንመለስ። በዚህ ዘዴ አንድ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ያለ ውሃ በፓምፕ እየተገፋ በቧንቧዎቹ ወለል ላይ በስሱ ይፈስሳል። በስሱ የሚፈስ ውሃ የክፍሉን ሙቀት በፍጥነት ይወስዳል፤ ገንዳው ውስጥ የተነከረው ፓምፕ ራሱም ሙቀት ይጨምርበታል። ከሁሉ የከፋው መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ነው፤ ቧንቧው ውስጥ የሚቀረው ውሃ እጅግ ጥቂት ስለሆነ በግንቦት ቀትር መብራት ለጥቂት ሰዓታት ቢጠፋ የወር ልፋት በአንድ ቀን ሊደርቅ ይችላል። ጄኔሬተር ወይም ባትሪ ያለው፣ ውሃውንም የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ መግዛት የሚችል ድርጅት ሊሠራበት ይችላል። ለመጀመሪያ ሙከራ ግን አይመከርም።

በምትኩ ፓምፕም ሆነ መብራት በማይፈልገው የረጋ ውሃ ዘዴ ይጀምሩ። ይህን ዘዴ በምርምር አጥንተው ያስተዋወቁት የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው በርናርድ ክራትኪ ሲሆኑ፣ በስማቸው የክራትኪ ዘዴ ተብሎ ይጠራል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የ20 ሊትር ባልዲ ይወስዳሉ፤ ምግብ ነክ ነገር የነበረበት ይሁን እንጂ የቀለም ባልዲ አይሁን። ክዳኑን በሦስት ቦታ ይበሱና በየቀዳዳው ጎኑና ታችኛው ክፍሉ የተበሳሳ ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ያስገባሉ፤ ችግኙ ከበቀለበት ስፖንጅ ጋር የሚቀመጠው በኩባያው ውስጥ ነው። በማዳበሪያ የተዘጋጀውን ውሃ የኩባያውን ታች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪነካ ድረስ ይሞላሉ። ተክሉ እየጠጣ ውሃው ሲወርድ ከክዳኑ በታች እርጥብ አየር ያለበት ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ በዚያ ቦታ ያለው የሥር ክፍል አየር መሳቢያ ሆኖ ያድጋል፣ ታችኛው ደግሞ ውሃና ምግብ ይስባል። ስለዚህ የውሃው መጉደል ጉድለት ሳይሆን የዘዴው ዋና ምሥጢር ነው። ብዙ ጀማሪዎች ውሃው ሲቀንስ ደንግጠው ባልዲውን እስከ አፉ ይሞሉታል፤ በዚህ ጊዜ አየር የለመደው ሥር ይሰምጥና ተክሉ ይታፈናል። መጨመር ግድ ከሆነ ከባልዲው ቁመት ሲሶ እንዳያልፍ ያድርጉ። አንድ የሰላጣ ተክል እስኪታጨድ ድረስ በቀዝቃዛ ቦታ 4 ሊትር ያህል ሊበቃው ይችላል፤ በድሬዳዋ ደረቅ አየር ግን ከዚያ በላይ ስለሚጠጣ በአንድ ባልዲ ከሦስት በላይ አያስገቡ።

ባልዲው ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ውስጡ አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል፤ አልጌውም ምግቡንና ኦክስጅኑን ይሻማል። ውስጠኛውን በጥቁር ፕላስቲክ፣ ውጪውን በነጭ ይሸፍኑት፤ ጥቁሩን ብቻውን ከውጭ ቢተዉት ሙቀት ይስባል።

እዚህ ላይ ማንም የውጭ መምህር የማይነግርዎትን አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የረጋ ውሃ በቤት ውስጥ ማስቀመጥ በድሬዳዋ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንጊ ወረርሽኝ የታየባት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ደግሞ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከተባለችው፣ በከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያ ዕቃዎች ከምትራባ ትንኝ ጋር ተያይዟል። ዴንጊን የምታስተላልፈውም ትንኝ እንዲሁ በበርሜል፣ በባልዲና በጎማ ውስጥ በሚጠራቀም ውሃ ትፈለፈላለች። ስለሆነም በክዳኑና በባልዲው መካከል፣ በኩባያውና በቀዳዳው መካከል፣ በስፖንጁም ዙሪያ ትንኝ የምታልፍበት ክፍተት መኖር የለበትም፤ የተረፈውን ክፍተት በፕላስተር ይዝጉት። የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙበትን ሮቶም አፉንና ትርፍ መውጫውን በወንፊት ይሸፍኑ። አንዱን ክዳን በየሳምንቱ ከፍተው ሲመለከቱ የሚንቀሳቀስ እጭ ካዩ ያንን ባልዲ ያለ ምንም ማመንታት ደረቅ መሬት ላይ ይድፉት።

ወደ ውሃው ጥራት ልለፍ፤ ይህ ክፍል ረዘም ይላል። የድሬዳዋ ውሃ የሚቀዳው ከጉድጓድ ሲሆን፣ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ በመሆኑ ካልሲየምና ባይካርቦኔት በብዛት ይዟል፤ በማንቆርቆሪያዎ የሚያዩት ነጭ ቅርፊትም ይኸው ነው። ሐረር ያሉ ዘመዶች ካሉዎትና ቢሞክሩት፣ ከ1,800 ሜትር በላይ ባለው ቀዝቃዛ አየራቸው የሙቀቱ ችግር ይቀልላቸዋል፤ ነገር ግን ሐረርም የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ በድሬዳዋ አቅራቢያ ካሉ ጉድጓዶች በቧንቧ ውሃ ስለምታገኝ ከኖራው አያመልጡም። ካልሲየሙ ራሱ ለተክል ምግብ ስለሆነ አያስፈራም። የሚያስቸግረው ባይካርቦኔቱ ነው፤ እርሱ የውሃውን ፒኤች፣ ማለትም ሲያንስ አሲድነትን የሚያሳየውን ቁጥር፣ ወደ ላይ ይጎትታል፣ ፒኤች ከ7 በላይ ሲወጣ ደግሞ ተክሉ ብረትና ማንጋኒዝ ፊቱ ተቀምጠውለት መውሰድ ያቅተዋል። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ እንደሆነ መሐሉ ቢጫ ከሆነ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። የሚፈለገው ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 ነው።

ስለዚህ ለመደርደሪያው ልታወጡት ካሰቡት ገንዘብ ጥቂቱን ሁለት መለኪያዎች ይግዙበት፤ አንዱ ፒኤች፣ ሌላው ኢሲ የሚለካ የእስክሪብቶ መጠን ያላቸው መሣሪያዎች ናቸው። ኢሲ ማለት ውሃው በሟሟው ጨው ምክንያት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ነው። አንዳንዱ መለኪያ ቁጥሩን በፒፒኤም ያሳያል፤ አምራቾች ለስሌቱ የተለያየ ማባዣ ስለሚጠቀሙ የአንዱ ፒፒኤም ከሌላው ጋር አይገጥምምና በሚሊሲመንስ የሚያነበውን ይምረጡ። ማዳበሪያ ከመጨመርዎ በፊት የቧንቧውን ውሃ ብቻውን ይለኩ። ከ0.3 በታች ከሆነ ምንም አያስጨንቅዎ። ከዚያ በላይ እስከ 0.8 ድረስ በአሲድ እየተስተካከለ ይሠራበታል። ከ1 በላይ ከሆነ ግን ከዝናብ ወይም ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ሳይቀላቅሉ አይጠቀሙበት። ከሐምሌ እስከ መስከረም ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ፣ የመጀመሪያው አቧራውን ካጠበ በኋላ ያለውን፣ በተዘጋ ሮቶ ቢያጠራቅሙ ለቀዝቃዛዎቹ ወራት ሥራ የሚሆን ምርጥ ውሃ ይኖርዎታል።

ፒኤች ለማውረድ ለጀማሪ የሚሻለው ፎስፎሪክ አሲድ ነው፤ ናይትሪክ አሲድም ይሠራል፣ ነገር ግን አያያዙ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም፤ ጓንትና የዓይን መከላከያም ያስፈልጋል። ሎሚና ኮምጣጤ ለአንድ ቀን ያህል ቁጥሩን ያወርዱታል፤ ከዚያ ግን ጥቃቅን ተሕዋስያን አሲዱን ስለሚበሉት ፒኤቹ ተመልሶ ይወጣል፣ ውሃውም ይደፈርሳል። ከመኪና ባትሪ የሚቀዳ አሲድ የሚመክርዎ ሰው ካለ አይስሙት፤ ያገለገለ ባትሪ ውሃ እርሳስ አለበት፣ እርስዎ ደግሞ የሚያበቅሉት ጥሬውን የሚበላ ቅጠል ነው። በ10 ሊትር ውሃ ላይ በጠብታ እየጨመሩ 6 ላይ ካደረሱት በኋላ አንድ ቀን አሳድረው እንደገና ይለኩ፤ ቁጥሩ መመለሱ አይቀርም። ሁለተኛውን ማስተካከያ ካደረጉ በኋላ የጠብታውን ብዛት መዝግበው ያስቀምጡ፤ የውሃዎ ምንጭ እስካልተለወጠ ድረስ ያገለግልዎታል።

ማዳበሪያን በተመለከተ ለእርሻ የሚታደለው ዩሪያና ኤንፒኤስ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ዩሪያ ተክሉ ሊወስደው ወደሚችለው ናይትሬት የሚለወጠው በአፈር ባክቴሪያ አማካይነት ነው፤ በባልዲ ውሃ ውስጥ ያ ሥራ በሚገባ አይከናወንም። ኤንፒኤስ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይሟሟም፣ ፖታሲየምም የለውም። የሚፈልጉት ለአበባ እርሻዎችና ለግሪን ሃውስ ግብዓት ከሚያቀርቡ ሱቆች የሚገኙ ሦስት ነገሮችን ነው፤ በከረጢቱ ላይ 4-18-38 ወይም ከዚህ ጋር የተቀራረበ ቁጥር ያለበትና ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች የተካተቱበት ሙሉ በሙሉ የሚሟሟ ማዳበሪያ፣ ካልሲየም ናይትሬት፣ እንዲሁም ማግኒዥየም ሰልፌት። ለ40 ሊትር ውሃ ከመጀመሪያው 16 ግራም፣ ከካልሲየም ናይትሬት 16 ግራም፣ ከማግኒዥየም ሰልፌት 8 ግራም ለሰላጣ የሚስማማ መነሻ ነው፤ ይህም በንጹሕ ውሃ ላይ ኢሲውን 1.2 አካባቢ ያደርሰዋል። ካልሲየም ናይትሬቱን ለብቻው በብዙ ውሃ አሟሙተው በመጨረሻ ይጨምሩት፤ ሦስቱን ዱቄት በጥቂት ውሃ አንድ ላይ ቢበጠብጡ ካልሲየሙ ከሰልፌቱና ከፎስፌቱ ጋር ተያይዞ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል፣ የከፈሉበትም ምግብ ባልዲው ሥር ተኝቶ ይቀራል። ፒኤች የሚስተካከለው ሁሉም ከተቀላቀለ በኋላ ነው።

ለመጀመሪያው ዙር አራት ባልዲ በቂ ነው። ሁለቱን በተስተካከለ የቧንቧ ውሃ፣ ሁለቱን በዝናብ ወይም በተጣራ ውሃ ቢያዘጋጁ የራስዎ ውሃ ምን እንደሚያደርግ እኔ ከምነግርዎ በተሻለ ተክሉ ያሳይዎታል።

የሰላጣ ዘር ሙቀት ይፈራል፤ ከ28 ወይም ከ30 ዲግሪ በላይ ብዙዎቹ ዝርያዎች ሳይሞቱ ዝም ይላሉ፣ ገበሬውም ዘሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ዘሩን በእርጥብ ስፖንጅ ላይ ሳይቀብሩት ከላይ አስቀምጠው፣ በላስቲክ ሸፍነው አንድ ወይም ሁለት ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩትና ቤቱ ውስጥ እጅግ ቀዝቃዛ ወደሆነው ብርሃን ያለው ቦታ ያውጡት። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የዘር ቅጠሎች ሌላ ሦስት አራት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ወደ ባልዲው ይሄዳል። ጭንቅላት የሚቋጥረውን ዓይነት ትተው ቅጠሉ የሚዘረጋውን፣ በተለይም ባታቪያ የሚባለውን ምድብ ይፈልጉ፤ ሙቀት ይችላል፣ ቶሎም ወደ አበባ አይሮጥም።

ወቅቱን በተመለከተ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይጀምሩ። በግንቦትና በሰኔ የጀመረ ሰው የሚማረው ተስፋ መቁረጥን ነው። ባልዲዎቹን ከጣሪያ ርቀው በሲሚንቶው ወለል ላይ ያስቀምጧቸው፤ ውሃው 24 ዲግሪ ሲያልፍ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ቬንትሌተር ያዙሩባቸው። የድሬዳዋ አየር ደረቅ በመሆኑ ከጆንያው የሚተነው ውሃ ውስጡን ከክፍሉ አየር በብዙ ዲግሪ ዝቅ ያደርገዋል፤ እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው። ቬንትሌተሩ ሌላም ጥቅም አለው። የሰላጣው የውስጥ ቀንበጥ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ቢያርር ጎደለ የሚባለው ካልሲየም ነው፤ ግን የጎደለው ከውሃው ሳይሆን ከቅጠሉ ነው። ካልሲየም ወደ ቅጠል የሚጓዘው ቅጠሉ በሚያተነው ውሃ ተስቦ ሲሆን፣ የታፈነው መሐለኛ ቀንበጥ ስለማያተን አይደርሰውም። ማዳበሪያ መጨመር ነገሩን ያብሰዋል፤ መፍትሔው በተክሉ ላይ ቀስ ያለ አየር ማንቀሳቀስ ነው።

አሁን ስለ ክፍሉ። ለአንድ ካሬ ሜትር ሰላጣ 100 ዋት ገደማ የሚወስድ ጥሩ የኤልኢዲ መብራት በቀን 16 ሰዓት ያስፈልጋል። ይህ በቀን 1.6 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በ35 ቀን 56 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በካሬ ሜትሩ 25 ተክል ቢቆም እያንዳንዱ ሰላጣ ከ2 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይበላል ማለት ነው። በዚያ ላይ መብራቱ የወሰደው ኃይል በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀራል፤ አራት ካሬ ሜትር ቢያበሩ ሊያቀዘቅዙት በሚታገሉት ክፍል ውስጥ የ400 ዋት ማሞቂያ ሰክተዋል። ፀሐይ በነፃ በሚሞላበት ከተማ ይህን ማድረግ ለእኔ አይታየኝም። ቤትዎ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት በረንዳ ካለው ባልዲዎቹን እዚያ አድርጓቸው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ወይም 5 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ አግኝተው ቀሪውን ቀን በጥላ ይውላሉ። ጥላ ከሌለ ግማሹን ብርሃን የሚያስቀር የጥላ መረብ ይዘርጉ። ክፍሉን ለችግኝ ማፍሊያና ለዕቃ ያውሉት፤ ለችግኞቹ አንድ ትንሽ መብራት ይበቃል። በዚያም ቢሆን ዲቫይደሩን ወለል ላይ አያስቀምጡት፣ ግድግዳ ላይ ከባልዲዎቹ ከፍ አድርገው ይስቀሉት፤ ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ይውረድ፣ በገመዱ ላይ የሚንሸራተት ጠብታ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ።

ስለ ሽያጩ ግልጽ ልሁንልዎ። ከሐረማያና ከምሥራቅ ሐረርጌው ኮምቦልቻ ከሚመጣው አትክልት ጋር በዋጋ መወዳደር አይቻልዎትም፤ የደጋው ገበሬ መብራት አይከፍልም፣ ፎስፎሪክ አሲድም አይገዛም። የሚወዳደሩት በትኩስነትና ሳይቋረጥ በማቅረብ ነው። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቀን አይዝሩ፤ በየሳምንቱ ጥቂት ስፖንጅ ቢዘሩ በየሳምንቱ የሚታጨድ ይኖርዎታል። በሶብላው ለእርስዎ ከሰላጣው የተሻለ ዕድል ያለው ይመስለኛል፤ ሙቀት ይወዳል፣ በትንሽ ቦታ ብዙ ይሰጣል፣ ጫፉን እየቀነጠሱ ደጋግመው ይለቅሙታል። ፒዛ የሚሠሩ ቤቶች የሚፈልጉት ግን ሽታው ከአገራችን በሶብላ የተለየውን ጣፋጩን ዓይነት ስለሆነ ዘር ከመግዛትዎ በፊት ወጥ ቤቱን ይጠይቁ። ከመጋቢት በኋላ ሰላጣው መራራ እየሆነ ሲመጣ ባልዲዎቹን ለበሶብላና ለናና ያስረክቡ። ሰላጣውን ሲያጭዱ ደግሞ ሳይቆርጡ ከነሥሩ ያውጡት፤ ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት ወጥቶ ሥሩ እርጥብ ሆኖ የቀረበ ሰላጣ ከተቆረጠው በብዙ ቀን ይቆያል፣ ምግብ ቤቱም ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ አቁሞ እንዳስፈለገው ሊጠቀምበት ይችላል።